ለልጄ ክንድ ለደከማችሁ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ልዑል እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ልጄ ያጠረ ክንዱን ለማስረዘም ወራት ሙሉ አቅፎት ከከረመው ብረት ከተገላገለ ሦስት ሳምንት ሆነው። መሐል ሜዳ፣ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ያላችሁትን ሁሉ በየቤታችሁ ዞሬ ጉልበታችሁን ብስም ደስ ባለኝ፤ አልሆነልኝምና በዚህ መልእክት ተቀበሉኝ።

ብዙዎቻችሁ «ምን ሆኖ ነው?» ስትሉኝ በቅጡ ሳልመልስላችሁ ቆይቻለሁ። ልጁ ገና ክርስትና ሳይነሳ፣ በሦስተኛ ሳምንቱ፣ ቀኝ እጁን ማንቀሳቀስ ተወ። ሳነሳው ይጮኻል። እኛ ወለምታ መስሎን በቅቤ አሳሸነው። ትኩሳቱ ሲበረታ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ከዚያም ሆስፒታል ተኝቶ ከትከሻው መግል ወጣለት፣ ለሳምንታትም መድኃኒት ተሰጠው። ነፍሱ ተረፈች። ነገር ግን ኢንፌክሽኑ ከትከሻው ሥር ያለችውን፣ አጥንቱ የሚያድግባትን ለስላሳ መስመር አበላሽቷት ኖሯል። የላይኛው ክንድ አጥንት በቁመት ከሚያድገው ከመቶ 80 ያህሉ ከዚያች መስመር የሚገኝ መሆኑን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያ መታሸት ትዝ ባለኝ ቁጥር ሆዴ ይባባል። እህቶቼ፣ ጨቅላ ልጅ እጁን ወይም እግሩን ማንቀሳቀስ ከተወ እባካችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

የክንዱን ማጠር ቀድመው ያዩት የአንደኛ ክፍል መምህርቱ ናቸው። ጠዋት በሰልፍ «ርቀት ያዝ» ሲባል ልጆች እጃቸውን ዘርግተው የፊተኛውን ልጅ ትከሻ ይነካሉ። የእኔ ልጅ ግን ቀኙን ለማድረስ ወገቡን ያዞር ነበር። እኔ እናቱ የሹራቡን እጅጌ በየማለዳው ስጠቀልልለት ኖሬ ልብ ያላልኩትን እርስዎ አዩት። መምህርት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

አዲስ አበባ ላሉት ሐኪሞች ምን ብዬ ላመስግን? ክንድ እንደ እግር ስላልሆነና ጥቂት ቢያጥርም ሥራ ስለማይከለክል ለቀዶ ሕክምና አልቸኮሉም። በየዓመቱ ራጅ እያነሱ ለኩት። በ11 ዓመቱ ልዩነቱ 7 ሴንቲ ሜትር ሲደርስና ልጁም ራሱ «ይሠራልኝ» ሲል፣ አጥንቱን ቆርጠው ክንዱን ከውጭ በሚከብ የቀለበት ብረት አሰሩት። ከሳምንት በኋላ ሥራው የእኔ ሆነ። የብረቱን ብሎኖች በ10 ቁጥር መፍቻ በቀን አራት ጊዜ አዞራለሁ፤ የተቆረጠው አጥንት በየጊዜው ሩብ ሚሊ ሜትር፣ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ይራራቃል። በሚከፈተው ክፍተት ውስጥ አዲስ አጥንት ይበቅላል። የመጀመሪያውን ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ መፍቻውን የያዘልኝ እሱ ራሱ ነው።

አንቺ በየማለዳው የምትደውዪልኝ ነርስ፣ ጥያቄሽ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አንጓውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል? አውራ ጣቱንስ?» አጥንቱን ተጠግቶ የሚያልፈው ነርቭ እንዳይጎዳ ነው። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ አውራ ጣቱ አልነሳ አለ። «መፍቻውን አስቀምጪውና አሁኑኑ ይዘሽው ነይ» አልሽኝ። ለጥቂት ቀናት አቁመን፣ ከዚያ በዝግታ ቀጠልን፤ ጣቱም ተመለሰ። ያን ቀን ባትደውዪልኝ ኖሮ እኔ ደክሞት ነው ብዬ ማዞሬን እቀጥል ነበር። እግዚአብሔር የልብሽን ይሙላልሽ።

ብረቱ ከወጣ በኋላም ክርኑን ያፍታቱለት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ስምንት ወር ሙሉ ሳሎኑን የለቀቀልን የባለቤቴ ወንድም፣ ከነሚስቱ ኑሩልን። ዕድራችን ማጭዳችንን ይዞ ወጥቶ ገብሳችንን ሰብስቦልናል፤ ይህን ባለቤቴ ሲያወራ ዛሬም ዕንባ ይቀድመዋል።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ እትዬም አሉ። ብረቱ በሸሚዝ እጅጌ አይገባም፤ የመንዝ ብርድ ደግሞ የምታውቁት ነው። የሦስት ሸሚዝና የአንድ ሹራብ ቀኝ እጅጌ ከትከሻ እስከ አንጓ ተርትረው፣ ጨርቅ ቀጥለው፣ ቁልፍ ደረደሩበት። አንድ ብር አልተቀበሉኝም።

ግራ ክንዱ ገና ያድጋልና ልዩነቱ እንደገና ሊመጣ እንደሚችል ነግረውናል። እስኪጎረምስ በየዓመቱ እንመላለሳለን። ለአሁኑ ግን ፊቱን በሁለት መዳፉ ይታጠባል፤ እኔም በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ።

ሸሚዞቹን አጥቤ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ብረት የታሰረለት ልጅ ካለ፣ ቤታችንን ታውቁታላችሁ፣ ኑና ውሰዱ።