አዲስ ዝርያ ሲፈጠር ያየ የለም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ዝግመተ ለውጥ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። አብዛኛው ይዘቱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ «አዲስ ዝርያ ለመፈጠር ሁልጊዜ ሚሊዮኖች ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ሲፈጠር ያየ ሰው የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እርማት ያሻዋል።

ጸሐፊው በሐሳባቸው የያዙት አንዱን መንገድ ብቻ ይመስለኛል። እርሱም የአንድ ዝርያ አባላት በተራራ፣ በውኃ ወይም በየብስ ተከፍለው፣ ለየብቻቸው እየተለወጡ በመጨረሻ መዋለድ የሚያቅታቸው ሁኔታ ነው። መንገዱ እውነተኛ ነው። ከ3 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፓናማ የብስ ካሪቢያንን ከፓስፊክ ሲለይ፣ በአንድ ባሕር ይኖሩ የነበሩ ሽሪምፕ የሚባሉ ትናንሽ የባሕር እንስሳት በሁለት ወገን ቀሩ። ናንሲ ኖልተንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሁለቱ ወገን የተወሰዱ ወንድና ሴት ሽሪምፖች አንድ ላይ ሲደረጉ፣ መልካቸው እጅግ ቢመሳሰልም አብዛኞቹ ከመዋለድ ይልቅ መጣላትን መረጡ።

በዕፅዋት ዘንድ ግን ነገሩ በጥቂት ትውልዶች ሊያልቅ ይችላል። ትራጎፖጎን የሚባሉ ሦስት የአውሮፓ ዕፅዋት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ወደ ሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ገቡ። እርስ በርስ ሲዳቀሉ የሚገኙት ዲቃላዎች በአመዛኙ መካን ናቸው፤ ከሁለት ወገን የመጡት ክሮሞዞሞች (በሕዋስ ውስጥ ዘረመልን የሚሸከሙት ክሮች) የመራቢያ ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ በትክክል አይጣመሩምና። በአንዳንዶቹ ዲቃላዎች ግን የክሮሞዞሙ ቁጥር ከ12 ወደ 24 ዐደገ፤ እያንዳንዱ ክሮሞዞም አቻውን ስላገኘም ተክሉ ዘር ማፍራት ቻለ። ይህ ተክል ተመልሶ ከወላጆቹ ጋር ቢዳቀል፣ ቁጥሩ ስለማይገጥም ፍሬያማ ትውልድ ማግኘቱ አዳጋች ነው። ማሪዮን ኦውንቤይ በዚህ መንገድ የተገኙትን ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1950 ስም ሰጥቶ ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀ፤ ከመነሻው እስከ ስያሜው ያለው ጊዜ ከአንድ ሰው ዕድሜ አይበልጥም። ሦስቱ ወላጅ ዝርያዎች ዛሬም ስላሉ፣ አንዱ ዝርያ ጠፍቶ ሌላው እንደሚተካ አድርጎ ከጽሑፉ ጋር የታተመው የመሰላል ሥዕልም ቢቀር ይሻላል።

በእንስሳትም ተቀራራቢ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዳፍኒ ሜጀር ወደምትባለው የጋላፓጎስ ደሴት፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኝ ሌላ ደሴት ፊንች የሚባል አንድ ትልቅ ወንድ ወፍ በርሮ መጣና ከነባር ወፍ ጋር ተዋለደ። ፒተርና ሮዝመሪ ግራንት ዘሩን በየትውልዱ ተከታተሉት። የፊንች ጫጩት ዜማውን የሚማረው ከአባቱ ስለሆነ፣ የመጤው ዜማ ወደ ልጆቹ ተላለፈ፤ ምንቃራቸውም በመጠኑና በቅርጹ የተለየ ስለነበር ከደሴቲቱ ወፎች ጋር መጣመር ቀርቶ ዘሩ እርስ በርሱ ብቻ ይራባ ጀመር። ጥቂት ትውልድ አይበቃም፣ ዝርያ ለማለት ገና ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም፤ መለያየቱ ሲጀምር መታየቱ ግን አያከራክርም።

ፍጥነቱ አንድ ወጥ አለመሆኑን ከቅሪተ አካል ተነሥተው የተከራከሩም አሉ። ናይልስ ኤልድሬጅና ስቲቨን ጄይ ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ብዙ ዝርያዎች ለረጅም ዘመን ሳይለወጡ ይቆዩና ለውጡ ዝርያ በሚከፈልበት አጭር ጊዜ ይከማቻል። ይህ «አጭር» በሥነ ምድር መለኪያ ሲሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን ሊይዝ ይችላል፤ ሐሳባቸውን ድንገተኛ ተአምር አስመስለው የሚያቀርቡ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

መካከለኛውን ደረጃ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ የፖም ፍሬ ዝንብ አለች። ቀድሞ ሃውቶርን በሚባል ተክል ፍሬ ላይ ብቻ ትራባ የነበረችው ይህች የሰሜን አሜሪካ ዝንብ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከውጭ በመጣው ፖም ላይም መራባት ጀመረች። ዝንቦቹ የሚገናኙት በፍሬው ላይ ነው፤ ፖም ደግሞ ቀድሞ ስለሚበስል ሁለቱ ወገኖች የሚፈለፈሉበት ወቅት ተለያይቷል። በመካከላቸው ምንም ዓይነት መልክዓ ምድራዊ ድንበር የለም፤ ጥቂት መዳቀልም አለ፤ ልዩነታቸው ግን በዘረመል ምርመራ ይታያል።

ስለዚህ ዓምዱ «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል «ብዙውን ጊዜ» በሚል ቢተካ፣ «ያየ ሰው የለም» የሚለውንም ቢያነሣ መልካም ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣው አንባቢ