ሌጦው ከቅበላ በፊት ይገዛ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣
እንደምን ሰነበታችሁ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በየአጥቢያው ያሉ ሰንበት ተማሪዎች ለሁዳዴ ምን ሥራ እንያዝ እያሉ መምከራቸው የተለመደ ነው። የስቅለትን ሥዕል በብራና ሠርተው ለዓርብ ስቅለት ለማድረስ ያሰቡ ካሉ፣ ይህ ደብዳቤ ለእነርሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ከእጅ ጉድለት ይልቅ የቀን አቆጣጠር ጉድለት ያበላሸዋል። በዘወረደ፣ በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ሰኞ ተሰብስቦ «እንጀምር» ያለ ጉባኤ ዘግይቷል። በጾሙ 55 ቀን ፍየል አይታረድም፤ ያልታረደ ፍየል ደግሞ ሌጦ የለውም። ያኔ ገበያ ላይ የሚቀረው ነጋዴ በጨው አሽቶ ያከማቸው ነው። ጨዉ ታጥቦ ካልወጣ ብራናው በክረምት እርጥበት እየሳበ ቀለሙን ያላቅቃል።

ስለዚህ ሌጦው በቅበላ ሰሞን ይያዝ። ከዓባይ ቆላ ወደ ደጋው ገበያ የሚወጣው ፍየል ለዚህ ይሻላል፤ ከሳ ያለ፣ ፀጉሩም ነጣ ያለ ቢሆን ይመረጣል። የጥቁር ፍየል ጥላ ከተፋቀም በኋላ ገጹ ላይ ይቀራል። የጮቄ ተራራ አካባቢ ሰው በግ ቅርቡ ስለሆነ «በግስ?» ይላል። የበግ ሌጦ ስቡ ብዙ ነው፣ ሲፋቅም ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ለጀማሪ አይሆንም። አራጁን አስቀድሞ መለመን ያስፈልጋል፦ በቢላ ሳይሆን በጡጫ ይግፈፍ። በእርጥቡ ጭረት የምትመስል የቢላ ምልክት ሲወጠር የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ትሆናለች። ለአንድ ሥዕል 3 ሌጦ ይያዝ፤ አንዱ መበላሸቱ አይቀርም። እስከ ዘወረደ ድረስ ሳይታጠፍ፣ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።

በዘወረደ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ውሃው በየቀኑ እየተቀየረ 2 ወይም 3 ቀን ይበቃዋል። ፀጉሩ በጣት ሲሳብ ዝም ብሎ ከወጣ መበስበስ ጀምሯል፤ ገጹም በኋላ ይላጣል። መወጠሪያው እንደ እጅ አንጓ ከወፈረ 4 የባሕር ዛፍ እንጨት ይታሰራል። በሌጦው ዙሪያ በአራት በአራት ጣት ርቀት ይበሳና በየቀዳዳው አጭር የእንጨት ስንጥር ገብቶ ገመዱ በስንጥሩ ላይ ይታሰራል። ገመዱን ያለ ስንጥር ያሰረ፣ ሌጦው ደርቆ ሲሰበሰብ ቀዳዳው ሁሉ እስከ ጠርዝ ይተረተርበታል። መጀመሪያ ለዘብ አድርጎ መወጠር ነው፤ ሲፋቅ ስለሚላላ በየመካከሉ እንደገና ይወጠራል።

ቀድሞ የሚፋቀው የሥጋው ወገን ነው፣ ያውም በእርጥቡ። ስብ የቀረበት ቦታ ቀለም አይቀበልም፤ ጠብታው ኮባ ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ይንከባለላል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይገለበጥና ፀጉሩ በስለት ይወርዳል። በጾም ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የተሰጠ ይመስላል፤ ፀሐዩም ገና አይከርርም። የቀትር ፀሐይ ጠርዙን ቀድሞ ያደርቅና መሐሉን ያጨማድዳል።

ብራናው ተፍቆና ለስልሶ እስከ ሦስተኛው ሰንበት፣ እስከ ምኩራብ፣ ካልተቆረጠ ሥዕሉ አይደርስም። አራተኛው ሳምንት፣ መጻጉዕ፣ የሐረግ ማለትም በሥዕሉ ዙሪያ የሚሠራው የጉንጉን ጌጥ ሳምንት ነው። ሐረግ ለብዙ እጅ የሚመች ይመስላል፤ የሚጣሉበትም እዚሁ ነው። ሁለት ሰው ከሁለት ጫፍ ጀምሮ ወደ መሐል ከመጣ ጉንጉኑ አይገናኝም፤ አንዱ ጋ ግማሽ ዙር ይተርፋል፣ ሌላው ጋ ይጎድላል። ከመሐል ተጀምሮ ወደ ግራና ቀኝ ይወጣ። መስመሩ በወስፌ ጫፍ፣ ያለ ቀለም፣ ገጹን ሳይበሱ ይሰመር። አንዱ ክር ከላይ ካለፈ ቀጥሎ ከታች ማለፍ አለበት። አንዲት ቦታ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከላይ ካለፈ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ ይዛባል። ስሕተቱ በስለት ተፍቆ በድንጋይ ይለሰልሳል። ብራና ሁለት ጊዜ ይህን ይችላል፤ በሦስተኛው ይሻክርና ቀለም ይመጥጣል።

ጥቁሩ ቀለም የምጣድ ጥላሸት፣ የተቆላ ገብስና የግራር ሙጫ ነው፤ ወራት መክረም አለበት። ያላከረመ ጉባኤ ከአንድ አሮጌ ቁም ጸሐፊ (የብራና መጽሐፍ ጸሐፊ) ቀንድ ሙሉ ቀለም ቢለምን ይሻለዋል። ሙጫው ከበዛ ብራናው ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ እርጥብ ጣት ይዞት ይሄዳል። ለሌላው ቀለም የሱቅ ዱቄት በሙጫ ቢበጠበጥ ነውር የለውም። የዘይት ቀለም ግን አይግባ፤ ዘይቱ ብራናው ውስጥ ሰርጎ በየመልኩ ዙሪያ ቢጫ ጥላ ያወጣል። የፕላስቲክ ቀለምም ብራናው በእርጥበት ሲለጠጥና ሲኮማተር እንደ ቅርፊት ይነሣል።

የሥዕሉ ንድፍ ከአምስተኛው ሳምንት፣ ከደብረ ዘይት፣ አይለፍ። በጌታ ቀኝ እመቤታችን፣ በግራው ዮሐንስ፣ ከመስቀሉ ሥር የአዳም ራስ ቅል፣ ከላይ ፀሐይና ጨረቃ። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ጎኑን የሚወጋው ጭፍራ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ልብሱንና መደቡን በስድስተኛው ሳምንት፣ በገብር ኄር፣ ሁሉም ይቀባ። ፊት ግን በሰባተኛው፣ በኒቆዲሞስ፣ በአንድ እጅ ብቻ ይሠራ፤ አምስት ሰው የሣለው ፊት አምስት ዓይነት ዓይን ይኖረዋል። የጌታና የእመቤታችን ስም በቀይ ይጻፋል፤ የቀዩ መቃ ብዕር ጥቁር አይነከርበት።

በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ያለውን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ዓይነት የመቅደስ ግድግዳ ሥዕል አይተው «እኛም ግድግዳው ላይ» የሚሉ ወጣቶች ይኖራሉ። እንዲያ ያለው ሥራ ጨርቅ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበት ሌላ ሙያ ነው፤ በአንድ ጾም አይለመድም።

ከሆሳዕና ወዲህ ሥራ የለም፤ ዘንባባ አለ፣ ከዚያም ሕማማትና ስግደት ነው። ሥዕሉ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከተባረከ በኋላ በዋንዛ ሳንቃ ላይ በጅማት ይታሰር፤ በሙጫ ከተለጠፈ ይቆረፍዳል። ከጭቃው ግድግዳ ጣት ያህል ይራቅ፣ ከጧፍ ደግሞ ከአንድ ክንድ በላይ። ክረምት ሲወጣ ወርዶ ጀርባው ይታይ፤ ሻጋታ ካለው በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ጥላ ላይ ይናፈስ።

ከአክብሮት ጋር
ብራና ፋቂዎችና ቁም ጸሐፍት፣ ከጎጃም