ለእሾኬ

እሾኬ፣

ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ አውቃለሁ። ስልኬ ጠፍቶ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ቁጥርሽን በቃሌ ነው የማውቀው። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው፤ የትኛው እንዳሳፈረኝም ታውቂዋለሽ። ይቅርታ። እመለስበታለሁ። ግን አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የጻፍኩት። «ስትፈልጊ ብቻ!» በይኝ፣ ይገባኛል።

ያው አሁንም አበባ ውስጥ ነኝ። ከዝዋይ ጽጌረዳ አምልጬ እንግሊዝ አገር፣ ሊንከንሻየር፣ ላቬንደር ስር ገባሁልሽ። ይኼኛው እሾህ የለውም፣ አንቺም የለሽበትም። ብቻ አሁን ጓንት አላደርግም፤ ቢሮ ቁጭ ብዬ የደሞዝ መዝገብ ነው የምይዘው። አትሳቂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀደይ ሲመጣ ችግኝ የሚያዛውር ሰው ያንሰናል። ዘንድሮ በኤጀንሲ ስምንት ሰዎች መጡልን። ማክሰኞ የባንክ ቁጥራቸውን ሳስገባ የአራቱ አንድ ሆነብኝ። ተሳስቼ ነው ብዬ እንደገና አየሁት፤ ያው ነው። አድራሻቸውም የስምንቱም አንድ ቤት። ቤቱስ ይሁን፣ እኛም ዝዋይ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል አድረናል። ደሞዝን ግን ማን በሌላ ሰው ሂሳብ ይቀበላል?

ከዚያ ሹፌሩን ማየት ጀመርኩ። ጠዋት በቫን ያመጣቸዋል፣ ማታ ይወስዳቸዋል፣ ምሳ ሰዓት እንኳ አጠገባቸው ነው። ከመሃላቸው አንዷን ልጅ ስሟን ጠየቅኳት። ሹፌሩ መለሰልኝ። እሷ ጫማዋን ነበር የምታየው። እሾኬ፣ ያንን አስተያየት የት እንዳየሁት ልንገርሽ? ከቤሩት በመጀመሪያው ወር የላክሽልኝ ፎቶ ላይ።

እዚህ በአበባና በእርሻ ሥራ ሠራተኛ የሚያቀርብ ሁሉ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በፈረንጆቹ 2004 ሞርካም ቤይ ላይ ዛጎል ሲለቅሙ ማዕበል ቢያንስ 21 ቻይናውያንን ከበላ በኋላ የወጣ ሕግ ነው። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ አየሁት። የኤጀንሲው ስም አለ፣ የሹፌሩ የለም። ለካ ኤጀንሲው ራሱ ሰዎቹን ያገኘው ከእሱ ነው። ደላላ በደላላ፣ አገራችንን አስታወሰኝ።

አሁን የሚያመኝን ልንገርሽ። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ የዘመናዊ ባርነት ሕግ አለ። በዓመት 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ባርነትን ለመከላከል ምን እንዳደረገ በየዓመቱ በጽሑፍ እንዲያወጣ ያስገድዳል። እኛ ትንሽ ነን፣ አይመለከተንም። ግን ችግኛችንን የሚገዛን ትልቅ ሱቅ መጠይቅ ይልክልናል። የምሞላው እኔ ነኝ። «በሥራ ቦታዎ የግዳጅ ሥራ አለ?» የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቀና ብዬ ሳላይ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ። ለግቢ ንጣፍ የምንሸጠው ድንጋይ ደግሞ ከራጃስታን፣ ከህንድ ነው የሚመጣው። እዚያ ቀድሞ በወሰደው ብድር ተይዞ ከድንጋይ ካባው መውጣት ያቃተው ሰው ብዙ ነው፤ ድንጋይ የሚጠርቡ ሕፃናትም አሉ። አቅራቢያችን «ንጹሕ ነን» የሚል አንድ ገጽ ልኮልናል። የእኔም መጠይቅ ንጹሕ ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፣ ደነገጠ። «ዛሬውኑ ሰውዬውን አባርራለሁ» አለ። ከለከልኩት። ዛሬ ከኛ ቢሄዱ ነገ ሌላ ማሳ ላይ ናቸው፤ ያኔ ማን ያገኛቸዋል? ለሚመለከታቸው ደወልን። ሹፌሩን አታናግሩት፣ እሱ ባለበት ሰዎቹን አትጠይቁ፣ የምታዩትን ጻፉ አሉን። ሐሙስ ይመጣሉ።

የምፈራው ልጅቷን ነው። «ደህና ነኝ» ብትላቸውስ?

ቤሩት የፎቁ ጎረቤት «ፓስፖርትሽ የት ነው?» ብላ ስትጠይቅሽ «እኔ ጋ ነው» ብለሽ ዋሸሻት ያልሽኝን አልረሳሁም። ያኔ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም። ይልቅ… እሺ፣ ልናገረው። ማታ ከመታጠቢያ ቤት እያንሾካሾክሽ ስትደውይልኝ «ፓስፖርትሽን ለማዳምሽ ለምን ሰጠሻት? በቃ ታገሺ፣ ኮንትራትሽ ሁለት ዓመት ነው» አልኩሽ። የሰጠሻት ይመስል። ነገ እደውላለሁ ብዬም አልደወልኩም። በኮሮናው ጊዜ ማዳሞቹ ሠራተኞቻቸውን የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ በቴሌቪዥን ፊትሽን ስፈልግ አደርኩ። ከተመለስሽ በኋላም ስናወራ ይህን አንስቼው አላውቅም።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጎረቤትሽ ምን ብትልሽ ኖሮ እውነቱን ትነግሪያት ነበር? ወይስ ምንም ባትልሽ፣ ሻይ ብቻ ብታቀብልሽ ይሻል ነበር? ልጅቷ አማርኛ አትችልም፣ እንግሊዝኛዋም ጥቂት ነው። ትርጁማን ይዘው ይመጣሉ፤ ግን አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ከሐሙስ በፊት ድምፅ ላኪልኝ። የፈለገውን ያህል ይርዘም። ስድብ ካለው ስድቡን አስቀድሚው።

ያቺው