የካራማራ ሙታን ስማቸው የት ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በየዓመቱ የካቲት 26 ቀን፣ በ1970 የሶማሊያን ወራሪ ጦር ካራማራ ላይ ድል ያደረግንበትን ለማሰብ፣ አዲስ አበባ ትግላችን ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ንግግር ይደረጋል፣ ማርሽ ይነፋል። እኛም ሜዳሊያችንን ደርድረን እንቆማለን። ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይበተናል። እኔም ቸርችልን ሽቅብ ይዤ ወደ ፒያሳ።

መታሰቡን እሰየው ብያለሁ። ግን እዚያ ግቢ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ አንድ ስም ይፈልጋል። የለም። የኩባውያኑ ምስል አለ። ሲያንሳቸው ነው፤ ባሕር አቋርጠው መጥተው ነው የሞቱልን። የኛን ልጅ ነው ያጣሁት።

ባልንጀራዬ ሰባተኛ ሰፈር ያደገ ልብስ ሰፊ ነበር። የተገናኘነው በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር ነው። ከቆቡ ውስጥ ቀይ ክር የተጠመጠመባት መርፌ አትጠፋም። የተቀደደ ሱሪ ይጥፋል፣ ቁልፍ ይተክላል። ዋጋው አንድ ኮቾሮ፣ ያ የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው። ያንን ድንጋይ የሆነ ነገር እኛ ስናማርር እሱ በኮዳው ውሃ እያራሰ ይበላዋል። ወደ ምሥራቅ ከመንቀሳቀሳችን በፊት የሁላችንንም ስም ከኮሌታችን ሥር በዚያ ክር ጻፈልን። «ስትወድቁ ማን እንደሆናችሁ ይታወቅ» ይለናል፣ እየሳቀ። የራሱን ግን ችላ ስላለው እኔ ጻፍኩለት። ፊደሉ ሁሉ ተወላግዶ የጓዱ መሳቂያ ሆንኩ።

በየካቲት 1970፣ ጅጅጋ ነፃ ልትወጣ ጥቂት ቀን ሲቀራት ወደቀ። አሟሟቱን ለእናቱ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለጋዜጣ የሚሆን አይደለም። ስሙንም እዚህ ያልጻፍኩት እህቱን ሳላስፈቅድ ስለማይሆን ነው።

አንዳንዱ «የደርግ ሐውልት አይደል እንዴ፣ ምን ያደርግላችኋል?» ይለናል። አዎ፣ በ1977 ያቆመው ደርግ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ቀይ ኮከብም የማን እንደሆነ ይታወቃል። ያ ልብስ ሰፊ ግን ስለ ኮከቡ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ታንክ ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ስለነበር ነው የዘመተው።

«አሁን ስሙ ከየት ይመጣል?» የሚሉም አሉ። አፍንጮ በር ሄደው የኮሪያ ዘማቾችን መታሰቢያ ይዩት። የወደቁት በየስማቸው አሉ። እነሱ ከ120 እምብዛም አይበልጡም፣ የእኛ ግን ብዙ ነው ይባል ይሆናል። እሱስ ልክ ነው። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ከጦሩ ሰነድ አግኝተው የጻፉት የሟች ቁጥር 6,133 ነው። እስከ መጨረሻዋ ሦስት ድረስ! እንዲህ አድርጎ የቆጠረ ሠራዊት በስም ሳይመዘግብ አልቆጠረም። የሙትና የቁስለኛ ዝርዝር ከየክፍሉ ይላክ እንደነበር እኛ የነበርንበት እናውቃለን። ያ ወረቀት አንድ ቦታ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ይሆናል። አንዴ ልጠይቅ ብዬ አንድ ቢሮ ሄጄ «ሻይ ሰዓት ነው፣ ቆይተው ይምጡ» ተብያለሁ። በዚህ ዕድሜ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ሻይ መጠበቅ ይከብዳል።

ሰነዱ ባይገኝም እንኳ ምስክር አለ። እኛ አለን፣ ግን በየሳምንቱ አንዳችንን እየቀበርን ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በሚቀጥለው የካቲት 26 ከአበባ ጉንጉኑ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብና አንድ ጸሐፊ ይቀመጡልን። የመጣ ሁሉ የሚያውቀውን ሟች ከነአባቱ ስም፣ ከነክፍሉና ከወደቀበት ቦታ ጋር ያስመዝግብ። መዝገብ ቤት ያላቸው ወገኖች መዝገቡን ከጦሩ ሰነድ ጋር ያመሳክሩት። ድንጋዩ ላይ መቅረጹ ቀስ ብሎ ይደርሳል። እኔ እህቱን አስፈቅጄ እመጣለሁ።

የቀድሞ ሚሊሺያ፣ ከፒያሳ