በጉባኤ ቃና እንጀምር፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ አሰጣጥና የመውጫ ፈተናው አጠያየቅ እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ጎጃም ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የፕሮግራሚንግ መምህር ነኝ። ለአንደኛና ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሲ ፕላስ ፕላስና ጃቫ የሚባሉትን የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች አስተምራለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ነው። ልጆቻችን ፕሮግራም መጻፍ ሳይችሉ የፕሮግራሚንግ ኮርስ እያለፉ ነው።

በየሴሚስተሩ አየዋለሁ። "ፖሊሞርፊዝም ምንድን ነው?" ስላቸው ሃንድአውቱ ላይ ያለውን ፍቺ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ይወጡልኛል። ቀጥዬ "አሥር ቁጥር ተቀበሉና ትልቁን አውጡልኝ" እላለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሰነፎች ሆነው አይደለም። ከቢቸና፣ ከደጀን፣ ከቋሪት፣ ከአዴት ሌሊት በኩራዝም በባትሪም አጥንተው የመጡ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ኪቦርድ የነኩት እኛ ጋ ከደረሱ በኋላ ነው። ጥፋቱ ያለው እኛ ከምናስጀምርበት ቦታ ላይ ነው።

እንዴት እንደምናስጀምራቸው ልንገራችሁ። በጃቫ "ሰላም" የምትል አንዲት ቃል ስክሪን ላይ ለማውጣት ልጁ መጀመሪያ ክላስ ይከፍታል። ከዚያ ፐብሊክ፣ ስታቲክ፣ ቮይድ፣ ሜይን ብሎ ይደረድራል። ቅንፍ ከፍቶ ስትሪንግ አርግስ ይላል። "መምህር፣ ስታቲክ ምንድን ነው?" ይለኛል። "ለጊዜው ዝም ብለህ ጻፈው፣ ኋላ ይገባሃል" እለዋለሁ። ይህን ባልኩ ቁጥር ውስጤን ያመኛል። በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ሳይገባው እንዲጽፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ነገ ቸክሎ ሲመጣ በምን አፌ እቆጣዋለሁ?

ጃቫን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ራሳቸው ይህ ለጀማሪ ሸክም መሆኑን ተቀብለዋል። ቋንቋው በ1995 እ.ኤ.አ. ከወጣ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ጃቫ 25ን ሲያወጡ፣ ተማሪ ክላስ ሳይከፍት፣ ፐብሊክና ስታቲክ ሳይል ሜይን ብሎ እንዲጀምር ፈቅደዋል። የእኛ ሃንድአውት ግን ዛሬም ያው ነው።

አባቴ በልጅነታቸው የቅኔ ተማሪ ነበሩ። መቼም ጎጃም ሲባል ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን ያልሰማ የለም። የቅኔ መምህር ተማሪያቸውን በመወድስ አያስጀምሩትም። መወድስ ስምንት ቤት ነው። የሚያስጀምሩት በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ልጁ ብቻውን ይወጣል። ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ሁለት ቤት ይቆጥራል፣ ይፈጥራል ማለት ነው። ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ይሰማሉ፣ ያርማሉ። ነገም እንዲሁ። የሰው ቅኔ ይዞ ከመጣ ብዙ አይቆይም፣ "ይህን ለምን እንዲህ አልከው?" ሲባል ይያዛል። ሁለቱን ቤት ሲያቀና ወደ ሦስት፣ ወደ አምስት ያድጋል። አባቴ ሲያወሩኝ ከሁሉ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነበር። ተማሪው ገና ከጅምሩ፣ ትንሽም ብትሆን፣ የራሱን ይፈጥራል። እኛ ደግሞ ልጁን በመወድስ እንጀምረዋለን፤ ያውም ሌላ ሰው በቆጠረው መወድስ።

ፕሮግራሚንግም ጉባኤ ቃና አለው። አንድ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም)፣ አንድ ኢፍ (ይህ ከሆነ ይህን አድርግ የሚል ትእዛዝ)፣ አንድ ሉፕ (ሥራን የሚደጋግም ትእዛዝ)። ልጁ እነዚህን ይዞ የራሱን ትንሽ ነገር ይሥራ። ከዚያ መጥቶ ይንገረኝ።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "ኤክስ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲደመር አንድ" የሚለውን መስመር ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ድምጿ እምብዛም አይሰማም። "መምህር ይቅርታ፣ ይሄ ስህተት ይመስለኛል። አንድ ቁጥር ከራሱ በአንድ እንዴት ይበልጣል?" አለች። ክፍሉ ሳቀባት። ልጅቷ ግን እውነቷን ነበር። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በሒሳብ የተማረችው ግራና ቀኙ እኩል ነው የሚል ነው። እዚህ ያለው ምልክት ግን ትእዛዝ ነው። በቀኝ ያለውን አስላ፣ ውጤቱን በግራ ባለው ስም አስቀምጥ ይላል። ይህን ልዩነት ለካ ለዓመታት ሳልነግራቸው ነበር የማልፈው።

የጠመኔ ካርቶን አነሳሁ። ላዩ ላይ "ኤክስ" ብዬ ጻፍኩና ሦስት ጠመኔ ከተትኩበት። "ነይ፣ ስንት እንዳለ ቁጠሪ። አንድ ጨምሪበት። መልሰሽ አስቀምጪው" አልኳት። ቆጠረች፣ ጨመረች፣ አስቀመጠች። ካርቶኑን ወደ ክፍሉ አዙራ "አራት!" አለች። የሚስቅ አልነበረም። ያ ካርቶን እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ይህች ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት ካልተመለሰች ሉፕ አይገባም። ሉፕ ካልገባ አሬይ፣ ማለትም ብዙ ዋጋ በተራ የሚይዝ ዝርዝር፣ አይገባም። አሬይ ያልገባውን ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ላይ ኦብጀክት ኦሪየንትድ የሚባለው የፕሮግራም አጻጻፍ ይጠብቀዋል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ላብ ውስጥ እያለን መብራት ሄደ። ሦስት ሦስት ሆነው አንድ ኮምፒውተር ላይ ተደርበው ነበር። እንዲበተኑ ስላልፈለግሁ "ወረቀት አውጡ" አልኳቸው። ከአንድ ጀምሮ ቁጥር እየጨመረ የሚደምር ሉፕ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ቆጣሪው ከአምስት ያነሰ እስከሆነ ድረስ ይዞራል። "አሁን ኮምፒውተሩ እናንተ ናችሁ። መስመር በመስመር ሂዱ፣ የእያንዳንዱን ቫሪያብል ዋጋ በሰንጠረዥ ያዙ" አልኳቸው። ግማሹ ክፍል 15 አለ። ግማሹ 10 አለ። ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዱ ተነስቶ "ከአምስት ያነሰ ነው የሚለው፣ አምስት ሲደርስ በር ላይ ይመለሳል፣ አይደመርም" ብሎ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ አሳያቸው። መልሱ 10 ነበር። ኮምፒውተሩ ቢሠራ ኖሮ 10 ብሎ ያወጣላቸው ነበር፤ እነሱም አይተው ያልፉት ነበር። ከዚያ ወዲህ መብራት ኖረም አልኖረም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ በወረቀት ነው የምንሠራው።

አሁን ወደ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ልምጣ፤ ከሁሉ የተበላሸው እሱ ነውና።

ሐሳቡ የተወለደው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ ነው። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎር የተባሉ ሁለት ሰዎች ሲሙላ የሚባል ቋንቋ ሠሩ። በገሃዱ ዓለም ያለውን አሠራር ኮምፒውተር ላይ አስመስለው ማጥናት ፈልገው ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር የራሱን መረጃና የራሱን ሥራ ይዞ ፕሮግራሙ ውስጥ እንዲቆም አደረጉ። መነሻው ኑሮ ነው ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን አራት የሚሸመደዱ ቃላት ሆኖ ቀረ። ኢንካፕሱሌሽን፣ ኢንሄሪታንስ፣ ፖሊሞርፊዝም፣ አብስትራክሽን።

እኔ አሁን የማስተምረው በዕቁብ ነው። ዕቁብ የማያውቅ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም፤ እናቱ ባትጥል አክስቱ ትጥላለች። "አባል ምን ምን አለው?" እላቸዋለሁ። ስም፣ መዋጮ፣ ዕጣ ደርሶት እንደሆነ። "ምንስ ያደርጋል?" ይከፍላል፣ ዕጣ ሲወጣለት ይወስዳል። በቃ፣ ክላሱን፣ ማለትም የአባልን ንድፍ፣ ሠሩት። ሠላሳ ሰው ሲገባ ሠላሳ ኦብጀክት ይሆናል። "ገንዘቡን ማን ይነካል?" ገንዘብ ያዡ። "ሌላው አባል እጁን ሰዶ ከሳጥኑ ቢወስድስ?" "ኧረ በጭራሽ!" ይላሉ በአንድ ድምፅ። "እና ገንዘብ ቢያስፈልገውስ?" "ገንዘብ ያዡን ይጠይቃል፤ እሱ አይቶ ይሰጠዋል።" ኢንካፕሱሌሽን ይኸው ነው፤ ማንም ሳይሸመድደው ገባው። ፖሊሞርፊዝምም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ዳኛው ለሁሉም "ክፈሉ" ይላል፤ ሙሉ ዕጣ የገባው ሙሉውን ይከፍላል፣ በግማሽ የገባው ግማሹን። ትእዛዙ አንድ፣ አፈጻጸሙ እንደየሰው።

ኢንሄሪታንስ ላይ ስንደርስ "ዳኛውም አባል ነው፤ ይከፍላል፣ ዕጣም ይወጣለታል፤ ስለዚህ ዳኛን ከአባል እናወርሰው" አልኳቸው። አንድ ልጅ "መምህር፣ ዳኛው በዓመቱ ቢቀየርስ? ሰውየው እኮ ያው አባል ነው፤ የተቀየረው ሥልጣኑ ነው" አለኝ። ቆም ብዬ አሰብኩ። ልጁ ልክ ነው። እንዲህ ሲሆን ማውረስ አይበጅም፤ ዳኛው ማን እንደሆነ ዕቁቡ ራሱ ቢይዝ ይሻላል። የሠለጠኑ ፕሮግራመሮች ሥራ ላይ የሚከራከሩበትን ጥያቄ ነው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያነሳው። የሚያውቀውን ነገር ስለሰጠነው ነው ያነሳው። መኪናና የባንክ ሒሳብ ብቻ በሞላበት ሃንድአውት ይህ አይመጣም።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑ አይከፋኝም፤ ሙያው በእንግሊዝኛ ነው። ማስረዳቱ ግን በሚገባቸው ቋንቋ ይሁን። ቃላቱን ሁሉ እንተርጉም እያልኩ አይደለም። አንዴ ክላስን "ክፍል" ብዬ ተርጉሜ ልጆቹ መማሪያ ክፍል መስሏቸው ግራ ተጋብተዋል። ክላስ ክላስ ይባል፤ ምንነቱ ግን በአማርኛ ይነገር። ኦሮምኛ ተናጋሪ ተማሪ ሲኖረኝም ቋንቋውን የሚችል ጓደኛው አጠገቡ ሆኖ ያስረዳዋል፤ ጥሩ ይሠራል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ለመመረቅ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና አለ። ፈተና መኖሩን እደግፋለሁ። ነገር ግን ጥያቄው ምርጫ በመሆኑ መምህሩም ተማሪውም ወደ ምርጫ ዞረዋል። ልጆቹ ያለፈውን ጥያቄ ሰብስበው ይቸክላሉ። እኛም ማሳለፍ ስላለብን ያንኑ እናግዛቸዋለን። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ፊታቸው ካለ ሁለት አጫጭር ፕሮግራም ቢጽፉበት ምን ይከለክላል? የተጻፈው ፕሮግራም በተለያየ ቁጥር ተሞክሮ ትክክል መሆኑን ማሽኑ ራሱ ማረም ይችላል። ይህ ከባድ ነው ከተባለ ደግሞ ስህተት ያለበት ኮድ ይሰጣቸውና የተሳሳተውን መስመር ፈልገው ያርሙ። ፈተናው እንዲህ ሲሆን ክፍሉም ይከተላል። የፈተናውን መልክ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ለእናንተ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በኮርሱ በኩል፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ለአስተሳሰቡ ይለቀቅልን። ወረቀት፣ ሰንጠረዥ፣ ሉፕ፣ ፋንክሽን (ስም ተሰጥቶት ደጋግመን የምንጠራው ትንሽ የፕሮግራም ክፍል)። ቋንቋው ፓይተን ይሁን ሌላ፣ ለመጀመር ብዙ ያልገባ ነገር የማያስጽፍ ይሁን። ኦብጀክት ኦሪየንትድ የሚመጣው ልጁ ፋንክሽን በራሱ መጻፍ ሲችል ነው። የምዕራፎቹ ቁጥር ይቀነስ። ዘጠኝ ምዕራፍ ከመሮጥ አራቱን መሥራት ይሻላል፤ አሁን ግን ምዕራፍ አልጨረስክም ተብሎ የሚጠየቀው መምህሩ ነው።

ከዚያ እንደ ቅኔ ቤቱ ነገራው፣ ተማሪው የሠራውን ለመምህሩ በቃል ማስረዳቱ፣ ይመለስልን። አሳይመንት ዛሬ ቻት ጂፒቲ ይሠራዋል፤ ማንም አይደብቀውም። እኔ እያንዳንዱን ተማሪ አምስት ደቂቃ አስቀምጬ "ይህን መስመር ለምን ጻፍከው? ብታጠፋው ምን ይሆናል?" ብዬ እጠይቃለሁ። የራሱ የሆነ ያስረዳል። ያልሆነው ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። ስልሳ ተማሪ በአምስት አምስት ደቂቃ አምስት ሰዓት ነው። እኔ እያወጣሁት ነው፤ በእረፍቴ። ይህ ሰዓት የማስተማር ሥራ ሆኖ ይቆጠርልን።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ተማሪዎቼ እንዲወስዱ እገፋፋለሁ። ሥልጠናው ኢንተርኔት ይፈልጋል። በክልላችን ዳታ ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ኮምፓይለር (የጻፍነውን ኮድ ኮምፒውተሩ እንዲሠራው የሚተረጉም ፕሮግራም) በፍላሽ ይዤ ከማሽን ወደ ማሽን ስጭን ነበር። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ማስተማሪያ በየኮሌጁ ቢቀመጥልን ብዙ ነገር ይቀለናል።

ሥርዓተ ትምህርቱ በሚቀጥለው ሲከለስ ጀማሪ ተማሪ የሚያስተምሩ መምህራንን ጥሩ። ከጎጃም ብቻ ሳይሆን ከየቦታው። እኔ ከተጠራሁ ካርቶኑንና ልጆቹ የሠሩትን የዕቁብ ፕሮግራም ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፕሮግራሚንግ መምህር፣ ጎጃም