ጠፍቶ ከርሞ በጉዳይ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። መልእክትህን እያየሁ ዝም ማለቴን አውቃለሁ፤ ሰበብ ልደርድር ብል አንተው ትስቅብኛለህ። አውፍ በለኝ፣ እዚህ ላይ እንዝጋው። «ጠፍቶ ከርሞ በጉዳይ መጣ» ማለትህ አይቀርም። በል፣ ሐቅህ ነው፤ የመጣሁት በጉዳይ ነው።

ጉዳዩ የእህቴ የሚጡ ነው። ኮምቦልቻ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ከደሴ ጠዋትና ማታ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድና መውጣት ሆኗል ኑሮዋ። ያቺ ርካሽ ኤርፖዷ (ሽቦ አልባ የጆሮ ማዳመጫዋ) አንድ ጎኗ ሞቶ፣ በቀረው ጎን ድምፁን እስከ ጥግ ከፍታ ነው አሉ የምትሰማው። እናቴ «ስጠራት አትሰማኝም» ትላለች፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። አሁን ፒያሳ ወርዳ አዲስ ልትገዛ ነው። ገንዘቡን በቴሌብር ላንተ እልካለሁ፣ አብረሃት ሂድ። ከዚህ ገዝቼ እንዳልልክላት ይሄ ነገር እንደ ጫማ ነው፤ ባለቤቱ ሳይለካው አይገዛም። ብቻዋን ብልካት ደግሞ ባለሱቁ ካርቶን ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦላት ይሸኛታል። አንተ ግን ሰው አያሞኝህም (ያ የሰኞ ገበያው ጃኬት ሳይቆጠር)።

መጀመሪያ ልኩ። ካርቶኑ ውስጥ ኤርፖዱ ጫፍ ላይ የሚገጠም ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ አለ፤ ብዙ ጊዜ መካከለኛው ተገጥሞ ነው የሚመጣው። ሦስቱንም ሳትሞክር እንዳትወጡ። የቀኝና የግራ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ስለሚችል በአንዱ መካከለኛ፣ በሌላው ትንሽ ብታደርግ ነውር የለውም። አስገብታ ትንሽ ወደ ኋላ ታዙረው፣ እስኪቀመጥ ድረስ። ከዚያ ዘፈን ከፍታ ፍሬዋን (ጆሮዋ ውስጥ ያለችውን አንዷን ኤርፖድ) በጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ ውስጥ ትጫን። ስትጫነው ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) በድንገት ከወፈረ፣ ሳትጫነው አየር እያስገባ ነበር ማለት ነው፤ ጎማው ይቀየር። ካልተለወጠ ልኩ ነው። ታላምጥ፣ አፏን ትክፈት፣ አንገቷን ትነቅንቅ፤ ከተንሸራተተ አይሆንም። ጎማ የሌለውና ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ዓይነት ለቤት ይመቻል፣ አያፍንም። ለሚኒባስ ግን አይሆንም። የሞተሩ ድምፅ በጎን ይገባል፣ ባሱ በጎን ይወጣል፣ እሷም ለማካካስ ድምፅ ትጨምራለች። ጆሮ የሚጎዳው እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ከዚያ በላይ በሄደ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል። ሐረጎን ሲወርዱ ጆሮ የሚደፈነው ግን የኤርፖዱ ጥፋት አይደለም፤ አውጥታ ምራቋን ትዋጥ።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር። ካርቶኑ ላይ «ኢኤንሲ» (ENC) ተጽፎ ካየህ፣ ያ የሚጠቅመው ስልክ ስታወራ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ነው። ማይኩ የአካባቢዋን ጫጫታ ቀንሶ ድምፅዋን ይልክለታል፤ ለራሷ ጆሮ ምንም አይሠራም። ጆሮዋን የሚያሳርፈው «ኤኤንሲ» (ANC) ነው። ይሄኛው የውጪውን ድምፅ በማይክ ተቀብሎ፣ ተቃራኒውን ሞገድ በማጫወት ያጣፋዋል። የሚችለውም ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅ ነው፦ የሞተር ጉርምርምታ፣ ጀነሬተር። የረዳቱን ጩኸትና የጡሩምባውን ድምፅ ቢያለዝብ እንጂ አያጠፋም፤ እሱ እንኳ የጎማው ሥራ ነው። ሱቁ በር ላይ ቁሙና፣ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ሲቆም ኤኤንሲውን አብሩት፣ አጥፉት። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ካልተሰማት ለስሙ ነው የምትከፍሉት። ብሩ ለሁለቱም ካልበቃ፣ ልክ የገጠመ ጎማ ያለው ተራ ኤርፖድ ልኩን ካልጠበቀ ባለ ኤኤንሲ ይሻላታል፤ በዚህ አልደራደርም። በእግሯ ስትሄድ ግን አንዱን ጆሮ ትተወው። የደሴን ቁልቁለትና የባጃጁን ነገር ላንተ አልነግርህም።

የብሉቱዙን ቁጥር በተመለከተ ባለሱቁ 5.3፣ 5.4 እያለ ይደረድርልሃል። ከ5.0 ጀምሮ ያለው ለእሷ ይበቃል፤ ቁጥሩ ባትሪንና ግንኙነቱን ይረዳ እንደሆን እንጂ ድምፅ አያሳምርም። የድምፅ ማጉያዋ ስፋትም እንደዚያው ነው፤ 13 ሚሊሜትር የሆነው ከ10ሩ ይበልጣል የሚል ሕግ የለም። ኤልዳክ የሚባለው የሶኒ አሠራር ድምፅን በብሉቱዝ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ያሳልፋል፣ ጥሩ ነገር ነው። የሚሠራው ግን ስልኩም ኤርፖዱም ሲያውቁት ነው፤ አይፎን አይቀበለውም። በቴሌግራም የምትቀባበሉት 128 ኪሎቢት ዘፈን ደግሞ በምንም ቢያልፍ ያው ነው፤ የሌለውን ከየት ያመጣል? በዚህ ሰበብ ሳንቲም እንዳትጨምር።

ባትሪው ላይ ዓይንህን ክፈት። አንዷ ፍሬ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፣ ኬዙ (ማስቀመጫና መሙያ ሳጥኗ) ደግሞ ከ300 እስከ 600 ገደማ። መዳፍህ ውስጥ በምትጠፋ ኬዝ ላይ ብዙ ሺህ ተጽፎ ካየህ ዕቃውን መልሰህ አስቀምጥ፣ ሌላውም ቃሉ ውሸት ነው። «30 ሰዓት» የሚሉት ከኬዙ ጋር ደምረው ነው። የፍሬዋን ብቻ ጠይቅ፤ 5 ወይም 6 ሰዓት ካለች ለደሴና ኮምቦልቻ ተርፏት ያድራል። ኤኤንሲ ሲበራ ይቀንሳል፣ ስልክ ሲያወሩበት ይብሳል። ኬዙ ሦስት አራቴ የሚሞላ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ትገላገላለች። ታይፕ ሲ ያልሆነውን አትግዙ። መደርደሪያ ላይ ከርሞ ካርቶኑ የነጣውንም ተዉት፤ የሊቲየም ባትሪ ባዶውን ብዙ ከተቀመጠ ሳይነካ ይሞታል።

ለዝናቡ አይፒኤክስ (IPX) የሚሉት የውሃ መቋቋሚያ ደረጃ 4 ይበቃል፤ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። አይፒኤክስ 7 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ነው፣ ማን ሊጠልቅ! ብዙ ጊዜ ግን ይሄ ለፍሬዎቹ እንጂ ለኬዙ አይደለም። የደሴ ክረምት አበስብሷት ስትገባ ፍሬዎቹን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ፣ ደርቀው ነው ኬዝ ውስጥ የሚገቡት።

የምትፈትነው በራሷ ስልክ ይሁን። ባለሱቁ የሚያጫውተው ባስ የበዛበት ዘፈን ሁሉንም ኤርፖድ ጥሩ ያስመስለዋል። አንድ የአምባሰል ቅኝት በማሲንቆ ክፈቱ፤ የጭራው ፍትጊያ ካልተለየና ከዘፋኟ ድምፅ ጋር ከተድበሰበሰ መሃለኛው ድምፁ ደካማ ነው። ቀጥሎ መንዙማ፦ ድቤው ሲመታ ቃሉ ይዋጣል ወይስ ለብቻው ይሰማል? ከተዋጠ ባሱ ከልክ በላይ ነው፤ ባንድ ሰዓት ውስጥ ጆሮ ይሰለቻል። ከዚያ አንዷን ፍሬ ኬዝ ውስጥ ክተቱ፣ ሌላዋ ሳትቋረጥ መቀጠል አለባት። ሁለተኛዋንም እንደዚሁ። ስልኩን በተቃራኒው በኩል ባለው ኪስ አድርጋ ትራመድ፤ ሰውነት የብሉቱዝ ሞገድ ስለሚውጥ ደካማው ያኔ ይቆራረጣል።

የማይኩን ፈተና በቴሌግራም ድምፅ ቀድታ እንዳታደርገው፤ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው የስልኩ ማይክ ነው። ወደ አስፋልቱ ወጥታ ለእኔ ትደውል፣ በእኔ በኩል እንዴት እንደሚሰማ እኔ እፈርዳለሁ።

የአፕል ስም የተጻፈበትን ርካሽ ነገር አትንኩት። አይፎን ሲቀርብ ብቅ የምትለዋን ምስል ፌኩም ያወጣታል፤ ከአይኦኤስ 16 ወዲህ አይፎኑ ራሱ «ማረጋገጥ አልቻልኩም» ይላል። ኦርጅናሉ ቢሆንስ? የእሷ ስልክ አንድሮይድ ነው፣ የሚከፈልበት ግማሹ ነገር አይሠራላትም። ኦራይሞ፣ ሬድሚ ወይም ሳውንድኮር ከታመነ ሱቅ ብታገኙ ይበቃኛል። የመለወጫው ቀን ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ በአፍ የተነገረ አይቆጠርም።

አንተ ደግሞ... ስለዚያ ስለምታውቀው ነገር መጠየቅ ፈልጌ ነበር። ብዕሬ እምቢ አለኝ። እንተወው፣ በስልክ ይሻላል። ወይ አንተው ጀምረው።

ሚጡን ይህንንም ንገርልኝ፦ አንዱ ጎን ቀነሰ ብላ አትጣለው፤ ብዙ ጊዜ ኩክ ነው ድምፅ የሚወጣባትን ወንፊት የሚደፍናት። ጎማውን አውልቃ በውሃ ታጥበው፣ በደንብ ይድረቅ። ወንፊቷን ወደ ታች ደፍታ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ትጥረግ፤ ወደ ላይ ከያዘችው ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። መርፌ እንዳትነካ። አንዷ ፍሬ ካልሞላች የኬዙን ወርቅማ መርገጫዎችና የፍሬዋን ነጥቦች በደረቅ ጨርቅ ትጥረግ፤ ላብ ነው የሚያቆሽሻቸው። የድሮዋም የሞተችው በዚህ ይሆናል፣ ብሩን ሳትከፍሉ በፊት ጠርጋችሁ ሞክሩ። ከዳነች ለእናቴ የሬዲዮ መስሚያ ትሆናለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ክፍት ነው። ባለሱቁ ፊት እንዳትደውል፣ ወጣ ብለህ ደውል፤ ሳቄን ሰምቶ ዋጋ እንዳይጨምርባችሁ። እናትህን ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ