ፓች በኢሜይል ሲላክ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ወጣት ፕሮግራመሮች በኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር) እንዲሳተፉ የሚመክሩ ጽሑፎች ስለ ኮዱ ብዙ ይላሉ፤ ኢሜይሉን ግን ይዘሉታል። ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) እና ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ግን ፓች፣ ማለትም በኮድ ላይ የሚደረግን ለውጥ የያዘ ጽሑፍ፣ የሚቀበሉት በኢሜይል ነው። ደህና የተሠራ ኮድ በአላላክ ስሕተት ብቻ ሳይታይ ሲቀር ያሳዝናል።

ፓቹን ከሰው ሌላ ማሽንም ያነበዋል። ተቀባዩ ፓቹን ከኢሜይሉ አውጥቶ ኮዱ ላይ የሚያውለውን «ጊት ኤኤም» የተባለ ትእዛዝ ሲሰጥ የኢሜይሉ ርእስ የኮሚቱ (በጊት የሚመዘገበው ለውጥ) ርእስ፣ ጽሑፉም ማብራሪያው ይሆናል። የኢሜይል ፕሮግራሙ ታብን ወደ ስፔስ ከለወጠ ወይም ረጅም መስመር ከሰበረ ፓቹ አልገጥም ይላል። ከስክሪን ኮፒ አድርጎ መለጠፍም እንዲሁ ታቡን ያጠፋዋል። ስለዚህ በ«ጊት ፎርማት-ፓች» አዘጋጅቶ በ«ጊት ሴንድ-ኢሜይል» መላክ ይሻላል። ኢሜይሉ ተራ ጽሑፍ እንጂ ኤችቲኤምኤል አይሁን። አባሪ ፋይልም አይመከርም፤ ገምጋሚው መስመሩን ጠቅሶ ከሥሩ አስተያየት መጻፍ ይቸግረዋል። አስቀድሞ ለራስ ልኮ፣ የደረሰውን በ«ጊት ኤኤም» መሞከር ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

አንድ ፓች አንድ ለውጥ ይያዝ። ለከርነሉ የሚላክ ፓች ርእስ ለውጡ የሚነካውን የከርነሉን ክፍል ስም ያስቀድማል፤ ከ70 እስከ 75 ፊደል ይበቃዋል። ማብራሪያው ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ ይናገር፤ ምን እንደተለወጠማ ከኮዱ ይታያል። «ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» የሚለው መስመር ጌጥ አይደለም፤ ላኪው ኮዱን የመስጠት መብት እንዳለው የሚያረጋግጥበት ነው። ያለ እሱ ከርነሉ ፓቹን አይቀበልም። «ጊት ኮሚት» ላይ «ኤስ» የሚለውን አማራጭ መጨመር መስመሩን ያስገባል። ለማን እንደሚላክ ደግሞ «ጌት-ሜንቴነር» የተባለው የከርነሉ ስክሪፕት ይነግራል።

አስተያየት ሲመጣ የተጠየቀውን ብቻ ጠቅሶ፣ መልሱን ከጥቅሱ ሥር ጽፎ፣ ለሁሉም ተቀባዮች መመለስ ያስፈልጋል። ያልተስማሙበትን አስተያየት በዝምታ ማለፍ ገምጋሚውን ያስቀይማል፤ ምክንያቱን መጻፍ ግን ማንንም አያስከፋም። የታረመው ፓች ርእሱ ላይ «ቪ2» ይባላል። ከመጀመሪያው ምን እንደተለየ የሚገለጸው «ፎርማት-ፓች» ከማብራሪያው ቀጥሎ ከሚያስቀምጣቸው ሦስት ሰረዞች በታች ነው፤ ጊት እዚያ ያለውን ወደ ኮሚቱ አያስገባውምና፣ ገምጋሚው ያነበዋል፣ የኮዱ የለውጥ ታሪክ ግን አይጨናነቅም። ብዙዎች ይህን ባለማወቅ የእርማቱን ዝርዝር ማብራሪያው ውስጥ ይጽፉታል።

መልስ ከዘገየ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቆ በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም። በየቀኑ መላክ ግን ጉዳዩን አያፋጥነውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ